የብረት ድካምና የጥገና መዝገብ፤ የጦር አውሮፕላን ታሪክ በኮምፒዩተር ሲጻፍ

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሐርቡ ሲደርስ የአየሩ ሙቀት መጨመሩ ይታወቀዋል። በጎዳናው ዳርም ከባድ መኪኖች ቆመው ጎማና ፍሬን ሲያስመረምሩ ያያል። ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 150 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ አንድ ቦታ ማራገፍ ይኖርበታል። ይህ መጠን ከ400 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ሞተሩ ይይዛል፤ አብዛኛው የቀረው በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

በሐርቡ ከሚገኙት ጋራዦች በአንደኛው የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መኪና አንድ የተማሪ ደብተር ከፍተዋል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የተሠራው ሥራና የተቀየረው ዕቃ ይሰፍራል። ከሁለት ክረምት በፊት ጥቂት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ደብተሮቹን ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ እንዲገለብጡ አደረግሁ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ሠንጠረዡን ለባለቤቱ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆች፣ እዚህ ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። በደብተሩ ኅዳግ ላይ «ሲወርድ ብቻ ይጮኻል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ተማሪዎቹ ለእንዲህ ያለው ቃል ዓምድ ስላላዘጋጁለት ዝም ብለው አልፈውታል። ዳሩ ግን ሽቅብ ሲወጣ የማይጮኽ፣ ቁልቁል ሲወርድ ብቻ የሚጮኽ መኪና ሕመሙ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ መሆኑን የምትጠቁመው ያቺ ሦስት ቃል ያላት ማስታወሻ ነበረች። ሠንጠረዡ ንጹሕና ያማረ ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ጠፍቶበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከመኪና እጅግ የተወሳሰበውን የጦር አውሮፕላን ነው። ጥያቄው ግን የሐርቡው መካኒክ ካነሡት ጥያቄ የተለየ አይደለም። የማሽን ታሪክ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ምን ይተርፋል? ምንስ ይጠፋል?

ብረት ይደክማልን?

ቀጭን ሽቦ በሁለት እጃችን ስበን ለመበጠስ ብንሞክር አይሆንልንም። ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው ግን ብዙ ሳይቆይ ይቆረጣል። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባቡር ዘንጎችን ሲመረምር ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። አንድ ብረት በአንድ ጊዜ ያለ ችግር የሚሸከመውን ጭነት ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት ላይሸከመው ይችላል። መሐንዲሶች ይህን «የብረት ድካም» ይሉታል። ድካሙ የሚጀምረው በዓይን ከማትታይ ስንጥቅ ነው። ስንጥቋ በእያንዳንዱ የጭነት ዙር በጥቂቱ ታድጋለች፤ ከተወሰነ መጠን ስታልፍ ክፍሉ በቅጽበት ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች ሁለቱ በሦስት ወር ልዩነት ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተበታትነው ወደቁ። መርማሪዎች የአንዱን ኮሜት አካል በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው የአየር ግፊቱን ደጋግመው ከፍና ዝቅ በማድረግ ምክንያቱ የብረት ድካም መሆኑን አረጋገጡ። ሌላው ትምህርት የመጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 28 ቀን 1988 በሃዋይ ነው። የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አየር ላይ ሳለ የጣሪያው ሰፊ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች። አውሮፕላኑ በሰዓት ሲቆጠር የበረረው 35,496 ሰዓት ነበር፤ በዙር ሲቆጠር ግን 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፏል። አንባቢ ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ቢያካፍል እያንዳንዱ በረራ በአማካይ ከግማሽ ሰዓት በታች እንደነበር ያገኛል። አውሮፕላኑ የሚበረው ከደሴት ወደ ደሴት ነበርና። እንግዲህ የበረራ ሰዓት ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ አውሮፕላን ገና ብዙ ዕድሜ የቀረው መስሎ በታየ ነበር።

የጦር አውሮፕላን ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የመንገደኛ አውሮፕላን ዛሬም ነገም የሚያደርገው በረራ ተመሳሳይ ነው፤ ተዋጊ አውሮፕላን ግን አንድ ቀን በቀጥታ በርሮ ይመለሳል፣ በማግስቱ ደግሞ በሹል መታጠፊያዎች ክንፉን ያጎብጣል። ጭነቱ የሚለካው በመሬት ስበት ብዜት ሲሆን 6 ጂ ማለት አውሮፕላኑም አብራሪውም የክብደታቸውን ስድስት እጥፍ ሲሸከሙ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ የክንፍ ክፍል ጉዳት በጭነቱ አራተኛ ኃይል መጠን ያድጋል እንበል። ሁለት አውሮፕላኖች ለአንድ ሰዓት በረሩ። የመጀመሪያው አሥር ጊዜ 3 ጂ፣ ሁለተኛው አሥር ጊዜ 6 ጂ ደረሰባቸው። ሰዓቱ እኩል ነው፤ የጭነቱም ዙር ቁጥር እኩል ነው፤ የሁለተኛው ጉዳት ግን የመጀመሪያውን 16 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ዓይነቱን ጉዳት እየደመሩ የመቁጠር ዘዴ ስዊድናዊው ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1924፣ አሜሪካዊው ማይነር ደግሞ በ1945 አቅርበውታል። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ክፍል በአንድ የጭነት ደረጃ 10,000 ዙር የሚችል ከሆነና 1,000 ዙር ከሠራ ከዕድሜው አንድ አሥረኛውን ጨርሷል፤ የየደረጃው ክፍልፋዮች ተደምረው አንድ ሲሆኑ ክፍሉ እንዳለቀ ይቆጠራል። ትርምስምሱ የበዛ የጭነት መስመር ውስጥ «አንድ ዙር» የቱ ነው የሚለውን ጥያቄ የመለሱት ደግሞ ሁለት ጃፓናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ዝናብ ከተደራረበ ጣሪያ ላይ እየተንጠባጠበ ሲወርድ በማሰብ የፈለሰፉት የቆጠራ ስልት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዘዴዎቹ ሁሉ የሚሹት ያለፈውን ታሪክ ነው። ክፍሉን በእጃችን ይዘን ብናገላብጠው ስንት ዙር እንደቀረው አይነግረንም። መሣሪያ ስንጥቋን ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚያም ግን የትኛውን ክፍል መቼ እንደምንመረምር አስቀድሞ የሚነግረን መዝገቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2 ቀን 2007 የአሜሪካ ኤፍ-15 ተዋጊ አውሮፕላን በሚዙሪ ግዛት ሰማይ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። አብራሪው በወንበር ተፈናጥሮ ተረፈ። ምርመራው እንዳሳየው ከአካሉ ዋና ተሸካሚ ዘንጎች አንዱ ሲሠራ ከሥዕሉ መጠን በታች ቀጥኖ ነበር። ከዚያች ዕለት በኋላ የጥገና ክፍሎች ሁሉ መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ «እንዲህ ያለ ዘንግ ያላቸው ሌሎቹ አውሮፕላኖች የትኞቹ ናቸው? እያንዳንዳቸውስ ምን ያህል ጭነት ቆጥረዋል?» የሚል ነበር። መዝገብ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

በእኛ ሰማይ

የአካባቢያችን ሕዝብ አውሮፕላንን አስቀድሞ ያወቀው በክፉ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድባለች፤ በወረራው ዘመን የኮምቦልቻ ሜዳም የወራሪው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል። አገራችን የራሷን አውሮፕላን መግዛት የጀመረችው ግን ከዚያ በፊት ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ አቅራቢያ አረፈ። የሲቪሉም አቪዬሽን ቢሆን ከጦር አውሮፕላን ነው የተወለደው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገውን የመጀመሪያ በረራ ያካሄደው ከጦርነቱ በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ያገለገለ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ከብረቱ ጋር መዝገቡንም ይገዛል። የመኪና ሊብሬ ባለቤቱን ይናገራል እንጂ የመኪናውን ድካም አይናገርም፤ የአውሮፕላን መዝገብ ግን ሁለቱንም መናገር ይጠበቅበታል።

የአየር ኃይላችን የጥገና ታሪክ ለመዝገብ ተማሪ ልዩ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የስዊድን ሳዓብ፣ በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኤፍ-86ና ኤፍ-5 መጡ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ሲጀመር የአገሪቱን ሰማይ የጠበቁት በዋናነት ኤፍ-5ዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋርጦ ሚግ-21ና ሚግ-23 ተተኩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ሱ-27 ተጨመረ። በቢሾፍቱ የሚገኘው የጥገና ባለሙያ በአንድ የሥራ ዘመኑ ውስጥ ከአሜሪካ መመሪያ ወደ ሩሲያ መመሪያ ተሻግሯል ማለት ነው። ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም። በሶቪየት አሠራር ለአውሮፕላኑ አካልና ለሞተሩ «ፎርሙሊያር» የሚባል ደብተር፣ ለየአነስተኛው መሣሪያ ደግሞ ፓስፖርት አለው፤ ዕቃው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲዛወር ፓስፖርቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ እጅግ ብልኅ የሆነ የመረጃ አደረጃጀት ነው።

ብልኅነቱን ለመረዳት የመለዋወጫ እጥረት ያለበትን የጦር ሰፈር ማሰብ ይበቃል። የቆመ አውሮፕላን ፓምፕ ተፈትቶ ለሚበረው ይገጠማል። በወሩ የሚበረው ሲቆም ያው ፓምፕ ለሦስተኛው ይገጠማል። መዝገቡ የተያያዘው ከአውሮፕላኑ ጅራት ቁጥር ጋር ብቻ ከሆነ የፓምፑ ታሪክ በሦስት ደብተር ይበታተናል፤ ሦስቱን አንድ ላይ አንብቦ የሚደምር ሰው አይኖርም። ስለዚህ በኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ዋናው መለያ የዕቃው ተራ ቁጥር መሆን ይኖርበታል፤ አውሮፕላኑ ዕቃው ለጊዜው ያደረበት ቤት ነው። ብዙ ሥርዓት ሠሪዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ሌላው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የሩሲያው መመሪያ ግፊትን በኪሎግራም-ኃይል በካሬ ሴንቲሜትር፣ የአሜሪካው በፓውንድ በካሬ ኢንች ይጽፋል፤ አንዱ የሌላው 14.2 እጥፍ ነው። ቁጥር ያለ መለኪያው የሚቀበል ሠንጠረዥ ለፊዚክስ ተማሪ እንኳ ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል።

ሦስት ቀን በአንድ ቁጥር

አሁን ወደ እኛ ብቻ ወደሆነ ችግር ልምጣ። አንባቢ አስተውሎ እንደሆነ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ቀላቅዬአለሁ። በወረቀት ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ይለያዩታል። ኮምፒዩተር ግን 05/07/2011 የሚል ቁጥር ሲሰጠው ምን ያደርጋል? በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2019 ነው። በአውሮፓውያን አጻጻፍ ጁላይ 5 ቀን 2011፣ በአሜሪካውያን ደግሞ ሜይ 7 ቀን 2011 ይሆናል። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ሊሞላ የቀረበ ልዩነት አለ። የጎማ ቱቦ ወይም የወንበር መፈናጠሪያ ባሩድ በዓመት ተቆጥሮ የሚወገድ ዕቃ ስለሆነ ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን «30/02» ተብሎ ሲገባ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር ስለሆነ አይቀበልም። ይህ ደግ ስሕተት ነው፤ ጸሐፊውን ያስጠነቅቀዋልና። አደገኛው ዝም ብሎ የሚገባው ነው። ጧት 2 ሰዓት ከሌሊቱ 2፡00 ጋር ሲምታታም እንዲሁ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ማሽኑ በውስጡ አንድ ዓለም አቀፍ ሰዓትና ቀን ብቻ ይይዛል፤ ለባለሙያው ግን ወሩን በስሙ ያሳየዋል። «መጋቢት» የሚለውን ቃል ጁላይ ብሎ የሚያነብ የለም።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ይህን ከተማ «ሐርቡ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ሀርቡ» የሚልም አለ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ይህንኑ ያመጣሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየቢሮው የተጻፈው በማይግባቡ የፊደል ፕሮግራሞች ስለነበር የያኔውን ፋይል ዛሬ የከፈተ ሰው ትርጉም የሌለው የምልክት መዓት ሊገጥመው ይችላል። የሰው ስምም ሲጨመር በላቲን ፊደል አንዱ ቴክኒሺያን አራት አምስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል፤ ፊርማው ያለበትን ሥራ ሁሉ አውጣ ቢባል ኮምፒዩተሩ ግማሹን ብቻ ያመጣል። ለዚህ ነው በአቪዬሽን ባለሙያው በስሙ ሳይሆን በማኅተም ቁጥሩ የሚታወቀው።

ኮምፒዩተር ያልፈታው

ከእኛ በሀብት እጅግ የሚልቁትም ቢሆኑ ችግሩን አልጨረሱትም። አሜሪካውያን የጦር አውሮፕላን ጥገናን በኮምፒዩተር መመዝገብ ከጀመሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለኤፍ-35 አውሮፕላን የተሠራው «አሊስ» የተባለ ሥርዓት ጥገናን፣ መለዋወጫንና ሥልጠናን አንድ ላይ እንዲያስተዳድር ታስቦ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው የዕቃዎች ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ፣ የተበላሸ ወይም የጎደለ ነበር። ዕቃው በትክክል ተገጥሞ ሳለ ሥርዓቱ አውሮፕላኑ መብረር የለበትም ይላል፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ማሽኑን ስላላመኑት ከጎኑ የራሳቸውን መዝገብ መያዝ ጀመሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ «አሊስ» በ«ኦዲን» ደረጃ በደረጃ እንደሚተካ ተነግሯል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ሁለት መዝገብ መኖሩ ነው። መካኒኩ በቀን አንድ ጊዜ በወረቀት፣ ማታ ደክሞ ሳለ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ከሆነ ሁለቱ መለያየታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚነግረን የለም። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሥራው በተሠራበት በአውሮፕላኑ ሥር መጻፍ አለበት፤ የዕቃውንም ቁጥር ሰው ከሚተይበው ባርኮድ ቢያነበው ዜሮና «ኦ» አይምታቱም። መብራት ሲጠፋም ሥራው መቀጠል ይኖርበታል።

የወረቀት መዝገብ አንድ መልካም ሕግ ነበረው። የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ይፈረማል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሥሩ ይነበባል። ብዙ የኮምፒዩተር ሠንጠረዦች ግን አሮጌውን በአዲሱ ይደመስሱታል። የጥገና መዝገብ የሚያዘጋጅ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ መደምሰስን ከናካቴው መከልከል፣ እርማትንም እንደ አዲስ ጽሑፍ መቁጠር ይገባዋል።

የኅዳግ ማስታወሻው ጉዳይ ደግሞ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ከባሊ ወደ ጃካርታ በበረረው የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የአብራሪው መሪ ከመጀመሪያው አንሥቶ የማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ነበረው፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን በራሱ እየደፋ አስቸገረ። አብራሪዎቹ የጅራት ማስተካከያውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ አጥፍተው በሰላም አረፉ። በጥገና መዝገቡ ላይ ግን የፍጥነትና የከፍታ አመልካቾች አለመስማማትን የመሰሉ ምልክቶች ብቻ ሰፈሩ፤ የመሪው መንቀጥቀጥና ማብሪያው መጥፋቱ አልተጻፉም። በማግስቱ ጧት ያው አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች ከዚያ ወር የጥገና መዝገብ 31 ገጾች እንደጎደሉም አግኝተዋል። ለአደጋው የተጠቀሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በተለይም ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ጠቋሚ ብቻ ተማምኖ መሠራቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ላይ 157 ሰዎች ያለቁት የዚሁ ሥርዓት ጉድለት በታየበት አደጋ ነው፤ ኤጀሬ አካባቢ የወደቀውን አውሮፕላን ሐዘን አገራችን አልረሳችውም። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ያዩትን ሁሉ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ በጃካርታ ያ ጧት ምን ይሆን እንደነበር መናገር አይቻልም። በዚያ ጧት የተረከቡት አብራሪዎችና መካኒኮች ግን ሌላ ገጽ ያነብቡ ነበር።

እንግዲህ ጥሩ የኮምፒዩተር መዝገብ ኮድና ነፃ ጽሑፍን ጎን ለጎን ይይዛል። ኮዱ ለመቁጠር ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ያው ጠቋሚ በስንት አውሮፕላን ላይ እንደተቀየረ በሰከንድ ያወጣል። ነፃው ጽሑፍ ደግሞ ኮድ ያልወጣለትን ነገር ይይዛል፤ አዲስ ብልሽት ሁልጊዜ የሚመጣው ኮድ ሳይኖረው ነውና። አንድ አቤቱታ በተከታታይ በረራዎች ላይ በተለያየ ቃል ቢጻፍም ሥርዓቱ አገናኝቶ «ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው» ብሎ ለቀጣዩ መካኒክ ማሳየት አለበት።

ተማሪዎቼ በሐርቡ ሠንጠረዥ ላይ «የሹፌሩ ቃል» የሚል ዓምድ ጨምረው ደብተሮቹን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ገለበጡ። ይኸኛው ሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። የጮኸውም መኪና ብቻውን አልነበረም፤ በሌሎች አራት ደብተሮች ውስጥ ተመሳሳይ ማስታወሻ አገኙ፤ ከአራቱ ሦስቱ የፍሬን ሸራቸውን የቀየሩት በአንድ ሰሞን ነበር። መካኒኩ ይህን ሲሰሙ ሸራው ከየት እንደተገዛ አስታወሱ። እሳቸው ግን ደብተራቸውን አልተዉም፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ደብተሩ ይከፈታል፤ በማግስቱ ከተማሪዎቹ አንዱ መጥቶ ይገለብጠዋል። ሁለት መዝገብ አይበጅም ያልኩት እኔ እስካሁን ለሐርቡ የሚሆን የተሻለ ዘዴ አላገኘሁላቸውም። የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች በባትሪ በሚሠራ ስልክ ላይ ይሞክሩታል፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም የቀኑን ዓምድ ማስተካከል ነው።